«መድኃኒት ይወስዳሉ?» ስለ ዕርዳታ ተቀባዮች የዕፅ ምርመራ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የግዛታችን ምክር ቤት የማኅበራዊ ጉዳዮች ኮሚቴ አባላት፤
ለተከበሩ የግዛቱ የማኅበራዊ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፤

እኛ በዚህ የአሜሪካ ግዛት የምንኖር፣ በልማድ «ዌልፌር» የምንለውን የቤተሰብ የገንዘብ ዕርዳታ የምንቀበል ወይም ተቀብለን ያቋረጥን አማርኛ ተናጋሪ እናቶችና አባቶች ነን። የደብዳቤያችን የእንግሊዝኛ ቅጂ ለሁለቱም ጽሕፈት ቤቶች ገቢ ሆኗል። አማርኛውን ለሕዝብ ያወጣነው ግን ሆን ብለን ነው። ስለ እኛ የሚጻፈው ሁሉ በማናነበው ቋንቋ ሲጻፍ ምን እንደሚከተል ባለፈው አንድ ዓመት በሚገባ አይተናል።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ዕርዳታ የሚጠይቅ አዋቂ ሁሉ ስለ ዕፅ አጠቃቀሙ መጠይቅ ይሞላል። መልሱ አጠራጣሪ ነው የተባለ ሰው ላቦራቶሪ ሄዶ ሽንቱን ይሰጣል። ዕፅ የተገኘበት ወይም በቀጠሮው ያልተመረመረ ዕርዳታው ይቋረጣል። አሁን ደግሞ በኮሚቴው ፊት ያለው ረቂቅ መጠይቁን አስቀርቶ አመልካች ሁሉ ያለ ልዩነት እንዲመረመር ያዝዛል። የምርመራውን ዋጋ አመልካቹ አስቀድሞ ከኪሱ ይከፍላል፤ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ በኋላ ይመለስለታል ይላል። በኪሱ ገንዘብ ያለው ሰው ምን ፈልጎ ወደ እናንተ እንደሚመጣ ረቂቁ አይናገርም። (በደብዳቤው ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጠይቁ እንጀምር። ከአባሎቻችን አንዷ ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ የሟች ልጃቸውን ልጅ የሚያሳድጉ ሴት ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። በጥር ወር ዕርዳታቸውን ለማሳደስ ሲሄዱ በስልክ አስተርጓሚ ተመደበላቸው። አስተርጓሚው ቃል በቃል ወደ አማርኛ የተመለሱትን የቅጹን ጥያቄዎች አነበበላቸው፤ እርሳቸውም እንደ ተጠየቁት መለሱ። እንዲህ ነበር የተባባሉት፦

«መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«አዎ፣ በየቀኑ።»

«ሳይወስዱ ሲቀሩ ምን ይሰማዎታል?»

«ያዞረኛል፤ ዓይኔም ይደበዝዛል።»

«ለማቆም ሞክረው ያልተሳካልዎት ጊዜ አለ?»

«አንድ ጊዜ በጾም አቁሜ ሆስፒታል ገባሁ።»

«በዚሁ ምክንያት ከቤተሰብ ጋር ተጋጭተው ያውቃሉ?»

«ታናሹ ልጄ ሁልጊዜ ይቆጣኛል።»

ልጁ የሚቆጣቸው ክኒናቸውን ስለሚረሱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የቀረው ግን በየቀኑ ዕፅ የምትወስድ፣ ስታቆም የምትታመም፣ ለመተው ሞክራ ያቃታት፣ በቤቷም ጠብ ያለባት ሴት ታሪክ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የላቦራቶሪ ጥሪ ደረሳቸው። ተመረመሩ፤ ምንም አልተገኘባቸውም። እስከዚያ ድረስ ግን ዕርዳታው ለአምስት ሳምንታት ታግዶ የቤት ኪራዩን ጎረቤት አዋጥቶ ከፈለላቸው። ስለ ጉዳዩ ስንጠይቃቸው «እኔ እኮ ሐኪም የጠየቀኝ መስሎኝ ነው» ነው ያሉት።

እንግሊዝኛ ለሐኪሙ ክኒንም ለመንገዱ ዕፅም በአንድ ቃል፣ «ድራግ» ብሎ፣ መናገር ይችላል። አማርኛ አይችልም። «መድኃኒት» ከማዳን የወጣ ቃል ነው፤ ሄሮይንን መድኃኒት ብሎ የሚጠራ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ቅጹን ቢያየው በአምስት ደቂቃ ያርመው ነበር። ማንም አላየውም። «ሱስ አለብህ ወይ?» የሚለው ጥያቄም የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። በእኛ ዘንድ ሱስ ሲባል መጀመሪያ የሚታወሰው ቡና ነው። አንድ የታክሲ አሽከርካሪ አባላችን እየሳቀ «አዎ፣ ጠዋት ሳልጠጣ ከወጣሁ ራሴን ያመኛል» ብሎ መልሷል። የእርሱም መልስ አጠራጣሪ ተባለ።

በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ሰውን በትውልድ አገሩ እንዳያበላልጥ ይከለክላል። ሰው በሚረዳው ቋንቋ ሳይጠየቅ በሰጠው መልስ መቀጣት ከዚያ የራቀ ነገር አይመስለንም።

ሁለተኛው ጉዳይ የቀጠሮ ነው፤ አብዛኛው ጉዳትም የደረሰው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበታለን።

ባለፈው ዓመት ከማኅበራችን አባላት ውስጥ ከዚህ መመሪያ ጋር በተያያዘ ዕርዳታቸው የተቋረጠባቸው ዘጠኝ ናቸው። የዘጠኙንም ደብዳቤ ሰብስበን አይተናል። ዕፅ የተገኘበት አንድም ሰው የለም። ሰባቱ በተባለው ቀንና ሰዓት ላቦራቶሪ ያልተገኙ ናቸው። የቀሩት ሁለቱ የሄዱ ናቸው፤ ነገር ግን ናሙና ሳይሰጡ ተመልሰዋል።

ከሁለቱ የአንዷን እንንገራችሁ። የምትሠራው ሌሊት ነው፤ ሆቴል ታጸዳለች። ደብዳቤው በተጻፈ በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ተመርመሪ ይላል፤ እጇ የገባው በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ከሥራ ስትመለስ ነው። ሳትተኛ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይራ፣ የሦስት ዓመት ልጇን ይዛ ሄደች። ላቦራቶሪው ልጅ ወደ ውስጥ አያስገባም። እንግዳ መቀበያ ላይ የነበረች ሴት አዘነችላትና ልጁን ያዘችላት። ቦርሳዋን አስቀመጠች፣ ኪሷን ገለበጠች፣ እጇን ታጠበች። የመጸዳጃው ውኃ ሰማያዊ ቀለም ተጨምሮበታል፤ ከዚያ ቀድታ እንዳትቀላቅል ነው። ብልቃጡ ጎን ላይ ሙቀት መለኪያ ተለጥፏል። ሽንቱ ከ32 እስከ 38 ዲግሪ ካልሆነ፣ ያውም በአራት ደቂቃ ውስጥ ካልተለካ፣ አይቀበሉትም። ከበሩ ውጭ ሴት ቆማ ትጠብቃለች። የልጁ ልቅሶ እስከ ውስጥ ድረስ ይሰማል።

አልመጣላትም። በአሜሪካ የትራንስፖርት ሠራተኞች ምርመራ ደንብ እንዲህ የገጠመው ሰው እስከ ሦስት ሰዓት ለሚደርስ ጊዜ እስከ 1.2 ሊትር ገደማ ውኃ እየጠጣ እንዲጠብቅ ይፈቀድለታል። ይህም ላቦራቶሪ በዚያው ደንብ ነው የሚሠራው፤ ስለዚህ ተቀምጣ ጠበቀች። ትልቋ ልጇ ግን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ትወጣለች፤ የሚቀበላት ሰው የለም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሲሆን ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። ደብዳቤዋ ላይ የተጻፈው ምክንያት «ለመመርመር ፈቃደኛ አልሆነችም» ይላል። ሁለት አውቶቡስ ቀይራ የሄደች፣ ኪሷን ያራገፈች፣ ሦስት ብርጭቆ ውኃ የጠጣች ሴት እምቢ እንዳለች ተቆጠረች።

መሥሪያ ቤቱ በዓመቱ መጨረሻ ባወጣው መግለጫ በዕፅ ምርመራ ምክንያት ከዕርዳታ የወጡትን ሰዎች በአንድ ድምር አቅርቦ፣ በዚህ የተረፈውን ገንዘብ እንደ ውጤት ቆጥሯል። በድምሩ ውስጥ ፖዘቲቭ የሆነው ስንት ነው? ደብዳቤ ያልደረሰው ስንት ነው? አውቶቡስ ያመለጠውስ? መግለጫው አይለይም። እኛ ዘንድ ያሉት ዘጠኙ ሰዎች እዚያ ድምር ውስጥ አሉበት። የእነርሱ ኪራይ፣ የእነርሱ የልጆች ጫማ ነው «ከዕፅ ተጠቃሚዎች የተረፈ ገንዘብ» የተባለው። ከዚህ ሁሉ በላይ የቆረቆረን ይህ ነው፤ በግልጽ እንድታውቁት እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ረቂቁ። የአጠቃላይ ምርመራ ደጋፊዎች ያልተሞከረ ነገር እንደሚያቀርቡ አድርገው ይናገራሉ። ተሞክሯል። በ1996 የወጣው የፌዴራል ሕግ የድሮውን የቤተሰብ ዕርዳታ በጊዜያዊ ዕርዳታ ሲተካ፣ ግዛቶች ተቀባዮችን መመርመር እንደሚችሉ አንድ አንቀጽ አስገብቷል። ሚሺጋን በ1999 ያለ ጥርጣሬ ሁሉንም መመርመር ጀመረ፤ በሳምንታት ውስጥ በፍርድ ቤት ታገደ። ፍሎሪዳ በ2011 ተከተለ። የፍሎሪዳው ሕግ አሁን ከፊታችሁ ካለው ረቂቅ ጋር ቁርጥ መንታ ነው፤ አስቀድሞ ክፈል፣ ንጹሕ ከሆንክ ይመለስልሃል። ሕጉ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ሠራ። 4,046 ሰዎች ተመረመሩ፤ ዕፅ የተገኘባቸው 108 ናቸው፤ 2.7 በመቶ መሆኑ ነው። አብዛኞቹም ማሪዋና ነው የተገኘባቸው። ግዛቱ ንጹሕ ለሆኑት የመለሰው ገንዘብ 118,140 ዶላር ደረሰ።

በመጠይቅ የጀመሩትም የተለየ ነገር አላገኙም። ዩታ በመጀመሪያው ዓመት 4,730 አመልካቾችን ጠይቆ 466 መረመረ፤ ዕፅ የተገኘባቸው 12 ናቸው፤ ወጪው ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ቴነሲ በ2014 በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ከ16,017 አመልካቾች ውስጥ 37 ሰው አገኘ። በ2013 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ12 ዓመት ጀምሮ ካሉት የአሜሪካ ነዋሪዎች ውስጥ ባለፈው አንድ ወር ሕገ ወጥ ዕፅ ተጠቅሜአለሁ ያሉት 9.4 በመቶ ነበሩ። በቃል ተጠይቆ የተገኘና በብልቃጥ ተለክቶ የተገኘ አኃዝ ጎን ለጎን እንደማይቆም እናውቃለን፤ እኛም አንድ ናቸው አንልም። ድሃ ከሌላው ሰው የበለጠ ዕፅ ይጠቀማል የሚለው ወገን ግን ከእነዚህ አኃዞች ውስጥ የትኛውን ይዞ እንደሚቆም ቢያሳየን እንወድ ነበር።

የፍሎሪዳውን ሕግ ፍርድ ቤት ያቆመው አንድ የቀድሞ የባሕር ኃይል ወታደር፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ተማሪ ባቀረበው ክስ ነው። ዳኛዋ በጥቅምት 2011 አገዱት፤ በ2013 መጨረሻ ለዘለቄታው ሻሩት፤ በታኅሣሥ 2014 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ውሳኔያቸውን አጸና። ነገሩ የሚያርፈው በአራተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ ነው፤ መንግሥት ያለ በቂ ምክንያት ሰውን አይፈትሽም፤ ሽንት መቀበልም ፍተሻ ነው። ግዛቱ ዕርዳታ ተቀባዮች ከሌላው ሕዝብ ይልቅ ዕፅ እንደሚጠቀሙ ማስረጃ አላቀረበም። ሰው ድሃ ስለሆነ ደግሞ መብቱ አይቀንስም።

የተከበራችሁ የኮሚቴው አባላት፣ ስለ እናንተም የሚናገር ፍርድ አለ። ጆርጂያ በ1990 ለግዛት ሥልጣን የሚወዳደር ሰው ከዕፅ ነጻ መሆኑን ተመርምሮ እንዲያረጋግጥ ሕግ አውጥቶ ነበር። በ1997 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስምንት ለአንድ በሆነ ድምፅ ሻረው። ጆርጂያ በተወዳዳሪዎቹ ላይ የዕፅ ችግር መኖሩን አላሳየም፤ ሕጉ እንዲያው አርአያ ለማሳየት የወጣ ነው ተባለ። እኛም በፍርዱ እንስማማለን። ያለ ምክንያት ብልቃጥ አትያዙ። የምንጠይቀው ያንኑ ምክንያት ለሆቴል ጽዳት ሠራተኛዋም እንድታውሉላት ነው። «ከእኛ የምትለየው የሕዝብ ገንዘብ ስለምትቀበል ነው» እንዳትሉ፣ የምክር ቤት አባል ደመወዝም ከዚያው ከሕዝብ ቋት ነው የሚወጣው።

ስለ ምርመራው ራሱ ብዙ አንልም፤ የሐኪሞች ሥራ ነው። ይህን ብቻ እንበል። የተለመደው ምርመራ ማሪዋናን አዘውትሮ ባጨሰ ሰው ላይ ከሳምንታት በኋላም ያገኛል፤ ኮኬይንን ግን ጥቂት ቀናት ካለፉት አያገኝም። በየማታው ሰክሮ ቤቱን የሚያውክ አባት ያለ ችግር ያልፋል፤ መጠጥ አይመረመርማ። የመጀመሪያው ፈጣን ምርመራ በአንዳንድ የጉንፋን መድኃኒት ሊሳሳት ስለሚችል በሁለተኛና በጠራ ምርመራ መረጋገጥ ይገባዋል። በእኛ ግዛት መመሪያ ሁለተኛው የሚደረገው አመልካቹ ሲጠይቅና ሲከፍል ብቻ ነው።

ልጆቹስ? ወላጁ ሲታገድ የልጆች ድርሻ በሌላ ሰው እጅ እንዲከፈል መመሪያው ይፈቅዳል። በወረቀት ጥሩ ነው። ያ ሌላ ሰው ግን ማን ነው? ትናንት የመጣ ስደተኛ ገንዘቡን የሚያምንበት፣ ለመንግሥት ቅጽ የሚፈርምለት፣ የራሱ ሕጋዊ ወረቀት የተሟላለት ዘመድ ከየት ያመጣል? ከዘጠኙ ቤተሰቦች ለልጆቹ ተቀባይ ያገኙት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

አሁን ልንሸሸው የማይገባን ነገር። ከመካከላችን ዕፅ የሚጠቀም የለም አንልም። አለ። በማኅበራችን አንድ አባት ነበር፤ ወገቡን በሥራ ላይ ተጎድቶ በሐኪም ትእዛዝ የጀመረው የሕመም ማስታገሻ ከእጁ ወጥቶ ሱስ ሆኖበታል። ከመመሪያው በፊት ጉዳዩን ለያዘችለት ሠራተኛ («ኬዝ ወርከር» ለምንላት) ራሱ ነበር የነገራት። ሠራተኛዋም በወቀሳ ፈንታ ስልክ አንሥታ የሕክምና ቦታ ስትፈልግለት ዋለች፤ ስድስት ሳምንት ጠብቆ ገባ። ዛሬ ልጆቹን ይዞ ይሠራል፤ ከዕርዳታም ወጥቷል። ይህን ታሪክ እንድንጽፍ የፈቀደልን እርሱ ነው። ባለፈው ወር ተመሳሳይ ችግር ያለባት አንዲት ወጣት እናት ወደ ማኅበሩ መጥታ «ለኬዝ ወርከሬ ልንገራት?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርስ ተያየን። አትንገሪ አልን። እንዲህ ማለታችን አሳፍሮናል፤ ብትነግር ግን የምታገኘው ሐኪም ሳይሆን እግድ መሆኑን እናውቃለን። መመሪያው ካደረሰው ጉዳት ውስጥ በየትኛውም መግለጫ የማይቆጠረው ይህ ነው።

ገንዘቡም ቢሆን የሚፎካከሩበት አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ለዚህ ዕርዳታ ለግዛቶች የሚሰጠው 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከ1996 ጀምሮ ለዋጋ ንረት ሳይስተካከል እዚያው ነው። በዚያ ዓመት ልጆች ካሏቸውና በድህነት ከሚኖሩ 100 ቤተሰቦች 68ቱ ዕርዳታ ያገኙ ነበር፤ በ2020 የሚያገኙት 21 ናቸው። ከእነዚህ 21 ቤተሰቦች ላይ ማንን እንደምትቀንሱ ስታስቡ ይህን አኃዝ አጠገባችሁ አድርጉ።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን።

ኮሚቴው ሁሉም አመልካች እንዲመረመር የሚያዝዘውን ረቂቅ ወደ ድምፅ እንዳያቀርብ፤ የሚያቀርበው ከሆነም አስቀድሞ የአማርኛና የሌሎች ቋንቋዎች አስተርጓሚ በተገኘበት ይፋዊ ስብሰባ እኛን እንዲሰማ።

መሥሪያ ቤቱ የአማርኛውን መጠይቅ ዛሬውኑ ከሥራ ላይ እንዲያነሣ፤ «መድኃኒት» እና «ሱስ» በሚሉት ቃላት በተሰጡ መልሶች የተከፈቱ መዝገቦችን ሁሉ እንዲዘጋ፤ የታገደውንም ዕርዳታ ከታገደበት ቀን ጀምሮ እንዲከፍል። ቅጹን በነጻ ለማረም ፈቃደኞች ነን። ከመካከላችን ሁለት ነርሶችና አንድ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ አሉ።

ቀጠሮ ላይ ያልተገኘና ናሙና መስጠት ያቃተው ሰው «እምቢ ያለ» ተብሎ እንዳይመዘገብ፤ ሌላ ቀጠሮ፣ የመጓጓዣ ወጪና ልጅ የሚቆይበት ቦታ እንዲሰጠው፤ ሁለተኛው ማረጋገጫ ምርመራም በመሥሪያ ቤቱ ወጪ እንዲደረግ።

ያለፈው ዓመት መግለጫ ታርሞ እንዲወጣ፦ ስንት ሰው ተመረመረ፣ ስንቱ ዕፅ ተገኘበት፣ ስንቱ በቀጠሮ ምክንያት ብቻ ተቋረጠበት፣ ለላቦራቶሪውስ ስንት ተከፈለ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው።

ስለ ሱሱ ራሱ ለሠራተኛ የተናገረ ወላጅ በተናገረው ምክንያት ዕርዳታው እንደማይነካ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን። ይህኛው ማረጋገጫ እንዲፈጠንልን እንለምናለን፤ ወጣቷ እናት አሁንም መልሳችሁን እየጠበቀች ነው።

ከአክብሮት ጋር፣

የአማርኛ ተናጋሪ ዕርዳታ ተቀባይ ቤተሰቦች መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ፣
ስለ ማኅበሩ አባላት በሙሉ